የግድግዳው ወፍ

የልጄ ልጅ ትርሲት፣ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር አንድ ቦታ ሳታሳየኝ አትሸኘኝም። ዘንድሮ የወሰደችኝ የሲኒማን ታሪክ ወደሚያሳይ ሙዚየም ነው። የጥንት የፊልም ማሽኖችን፣ የቆርቆሮ የፊልም ሣጥኖችን፣ የደበዘዙ ማስታወቂያዎችን ወገቤን ይዤ ስመለከት ቆየሁ። በመጨረሻ አስጎብኚው ጠባብ ክፍል አስገብቶ አግዳሚ ላይ አስቀመጠንና «ብርሃን እንዳይገባ በሩን ልዝጋው» አለ። ማሽኑ ጠርርር ማለት ጀመረ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ በሰማሁት ዓመት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሠርጌ ለጥር ተቆርጧል፤ የጎጆዬ ግድግዳ ቆሞ ክዳን ብቻ ቀርቶታል። መንዝ ውስጥ ለክዳን ከጓሳ ሣር የሚተካከል የለም። ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ መሬት ግን የሁላችንም ነውና ካልተፈቀደ አይነካም፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ተከልሏል። እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ሦስት ቀን በማለዳ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ወጥቼ አጨድኩ። ጎጆዬን ብቻዬን ከደንኩና ሣሩ እንዳይታወቅ ከላይ የአባቴን አሮጌ ክዳን አለበስኩት።

በሦስተኛው ቀን ሸክሜን ይዤ ስመለስ መንገድ ዳር መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተክለው ወደ አንዲት ቀይ ቀበሮ አነጣጥረዋል። መሬት ቀያሾች መሰሉኝ። እንግዳ አይናቅም ብዬ ከነሸክሜ ጎንበስ አልኩና ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነሣሁ። ሌባ ሆኜ ጨዋነቴ አልተወኝም።

የታጨደው ቦታ ሲገኝ አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። ሌባው እስኪወጣ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይውላል፤ ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። በየተራ «አልሠራሁም፣ የሠራም አላየሁም» ተብሎ ይማላል። እኔም ማልኩ። በግልጽ መናገር የፈራ ለሽማግሌዎች በጆሮ ሹክ ይላል፤ ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል፣ ስሙም አይወጣም። ወፏ የጋሼ ወንድይፍራውን ስም ተናገረች። ጋሼ ወንድይፍራው ጎረቤታችን ናቸው፤ ቤት በመክደን ስለሚተዳደሩ ከግቢያቸው ሣር አይታጣም። «እሳት የጫረለት፣ ውሃ ያቀበለው እንደሱ ይሁን» ተባለ። በጥር ሠርጌን ስደግስ አጥር ለአጥር ሆነን አንድ ዋንጫ ጠላ የወሰደላቸው አልነበረም። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ፤ እኔም አልወሰድኩላቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ፊልም የሚያሳይ መኪና መሐል ሜዳ ከተማ መጣ ተባለና አገሩ ግልብጥ ብሎ ሄደ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በቀትር በባና ተሸፍነዋል፤ የበግ ፀጉሩ ሽታ ያፍናል። አርፍጄ ገባሁ። ሰዉ ተጣቦ ሳለ አንድ አግዳሚ ላይ ሰፊ ቦታ አየሁና ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ጫፉ ላይ ያሉት ጋሼ ወንድይፍራው መሆናቸውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ልነሣ ስል ዘበኛው በሩን ቀረቀረ።

«ካሁን በኋላ የሚወጣ የለም። ብርሃን ከገባ ሥዕሉ ይጠፋል።»

ግድግዳው ላይ ቀይ ቀበሮዋ ብቅ ስትል አዳራሹ ሳቀ። ያን ጊዜ ባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ ምን እንደነበረ ገባኝ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ። ከቀበሮዋ ኋላ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሸክም ሣር በሁለት እግር መጣ። ፊቱ አይለይም። ጎንበስ አለ፤ ባርኔጣ አነሣ።

ፊት የተቀመጡት የጓሳ አለቃ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያውና! ወንድይፍራው አይደለም እንዴ?»

«ራሱ ነው!» አለ ሰዉ።

ጋሼ ወንድይፍራው ከእኔ በአንድ ክንድ ይረዝማሉ፤ ግን ማን ይለካል? ሰዉ የመጣው ሌባው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ወስኖ ነው። ብድግ አልኩ። ልናገር ይሁን ልሸሽ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥላዬ ግድግዳው ላይ ወድቆ ያንን ባለ ሸክም ሸፈነው። «ተቀመጥ፣ አትጋርደን!» ብለው ጮሁብኝ። ጋሼ ወንድይፍራው የጋቢዬን ጫፍ ሳብ አደረጉ። ለካ አግዳሚው በእኔ ሲንቀጠቀጥ ቆይቷል።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይቺ የግድግዳው ወፍ ራሷ ተናግራ አልሰሟትም፤ አንተን ይሰሙሃል?»

ተቀመጥኩ።

ክረምት ሳይገባ ጋሼ ወንድይፍራው ጓዛቸውን ጭነው ወደ መርሐቤቴ ወረዱ፤ እዚያው መሞታቸውን ከዓመታት በኋላ ሰማሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሳቸው እስኪጠራ ዕድሜ አልበቃቸውም። ጎጆዬ ጠብታ ውሃ አላፈሰሰም። ዝናቡ ሲወርድ ከዚያ ክዳን ሥር ደረቅ ሆኜ ስተኛ፣ በር ተቀርቅሮብኝ የምኖር ሰው መሆኔን አውቀው ነበር። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

የሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የከተማ መንገድ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ እኛ ዞሮ ባርኔጣውን አነሣ። ሳላስበው ብድግ አልኩ፤ ጥላዬ መንገዱን ሸፈነው።

«አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሰው እየጋረዱ ነው» አለች ትርሲት።

«ሣሩን ያጨድኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ።

«የቱን ሣር?»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። ትርሲት እጄን ይዛ ሳበችኝ፤ በሩ እስኪከፈት ግን አልተቀመጥኩም።