አቅሉን የሳተው መኪና

ወሬውን የሰማሁት ኩሳ የሚሉትን ዝኩኒ እየፈለፈልኩ ነው። ማዳሜ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ባልዋ ከመንገድ ደውሎ ያላትን ነገረችኝ፤ መኪናው ሃጂዙ፣ ኬላው ላይ፣ ወታደሮቹ ፊት ጠፍቶ አልነሣ ብሎት፣ ጓደኛዬ ወረቀት ተጠይቃ ተይዛለች። «ኸላስ፣ አበቃ፣ ወሰዷት» አለችና ሩዙን እንዳልረሳ አሳስባኝ ሄደች።

ጓደኛዬ ከአሠሪዎቿ ቤት ያለ ፓስፖርት ወጥታ፣ ሺያህ ሰፈር ውስጥ ከሁለት ያገራችን ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሰው ቤት እየዞረች የምታጸዳ ነበረች። ያን ሰኞ ሦስቱም ራውሼ አጠገብ ያለውን የማዳሜን እህት ቤት ሊያጸዱ ነበር። የማዳሜ ባል፣ ሚስተር፣ በመኪናው ያድርስልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከአገሬው ሰው ጋር ተቀምጣ ማን ያስቆማታል ብዬ።

ሚስተር ከቤታችን ሥር ጋራዥ ነበረው። የገዛ መኪናውን ሞተር ፈቶ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር በትልቅ ለወጠ፣ ማርሚታውን አሰፋ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ይጠፋ ጀመር። ማዳሜ ስትስቅበት፣ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የኮምፒውተሩ ነው ብሎ አስረዳት። ኮምፒውተሩን «አቅል» ነበር የሚለው፤ በነሱም ቋንቋ የኛው አቅል መሆኑ ገርሞኝ ጆሮዬን ጣልኩ። አቅሉ የሚያውቀው የድሮውን ሞተር ነው፤ አዲሱ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈልግ እየተነዳ ቀስ በቀስ ይለምዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዳንቺ፣ ያኒ። ስትመጪ ሩዝ ታሳርሪ ነበር፣ አሁን ማንም አይነግርሽም። ግን ባትሪው ከተነቀለ የተማረውን ሁሉ ይረሳል፤ ዛሬ ከአውሮፕላን እንደወረድሽ ቁጠሪው» አለኝ። እውነትም ከሳምንታት በኋላ መኪናው ለመደ።

በዋዜማው እሁድ ከሰዓት መኪናውን እጠቢ ተባልኩ። ሚስተር ዘይት ሊያይ ኮፈኑን ከፍቶ ትቶት ነበርና የባትሪው ማሰሪያ ላይ ነጭ ዝቃጭ አየሁ። ቆሻሻ አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ማዳሜ የምታመሰግነኝም በዚሁ ነው። በመፍቻ ፈታሁት፣ በሎሚና በሙቅ ውሃ ፈተግሁት፣ መልሼ አጠበቅሁት። ሚስተር ስለ ባትሪው የነገረኝ ትዝ ያለኝ ሰኞ ጠዋት ነው። በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ሞተሩ ተነሥቶ ጠፋ፤ ደግሞ ተነሥቶ ጠፋ። ጓደኛዬ ከታች አንጋጣ፣ «እታለም፣ ይሄ መኪና እኔን መጫን ጠላ መሰለኝ» ብላ ሳቀች። ባትሪውን ነቅዬው ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። የሚስተርን ቁጣ ፈራሁ። ልብሱን ማስጣት ቀጠልኩ። በሦስተኛው ተነሣላቸውና ሄዱ።

መኪናው እንደገና ለምዷል። እሷን ወር ያህል አስረው በአውሮፕላን ሰደዷት፤ አገር ቤት የጻፍኩላት ደብዳቤ ሁሉ መልስ የለውም። ንስሐ የምገባበት ያገሬ ካህን እዚህ የለም። ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም።

እናንተ ከእሷ ጋር ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ በግርግሩ በወዲያኛው በር ወርዳችሁ ያመለጣችሁ ሁለት እህቶቼ፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወታደሩ ቁሙ ብሎ እጁን ያነሣው ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስለ እመቤታችን ብላችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ። ለእኔ አዝናችሁ አትዋሹኝ።