ሳንጣላ የታረቅንበት ሐይቅ

እኔ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ሮቤ የማስተምር፣ ባለቤቴ ጫልቱ የጎባ ልጅ፣ ሁለታችንም ዝምታ የምንወድ ነን። ባለፈው ጥር፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት፣ ጫካው ውስጥ ወዳለው ሐይቅ በእግር ወረድን። አንድ ቃል ሳንነጋገር ደረስን።

ፈረሳቸውን ውሃ የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ከቁልቁለቱ ጀምሮ ሲያዩን ቆይተው ኖሮ፣ ሰላምታችንን ሳንጨርስ ጋቢያቸውን ሣሩ ላይ አነጠፉ።

"ተቀመጡ። ምን አጣላችሁ?"

"ኧረ አልተጣላንም፣ አባባ።"

"ሰላም የሆነ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ አፉን ዘግቶ አይመጣም። በል ተናገር።"

ሽማግሌ አስቀምጦኝ እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ። ግን ምን ልበል?

"ሌሊት ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ትስባለች" አልኩ። ጫልቱ ጎኔን በክርኗ ደቆሰችኝ።

ተራው የእሷ ሆነ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ ተናገረች። እኔ ከሰላምታ በላይ አልሰማም። ሽማግሌው ግን ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ምርቃት መረቋትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥፋቱ ያንተ ነው። ከቤት ጀምሮ ልትነግርህ ፈልጋ መግቢያ አጥታ ነው ዝም ያለችው። በል ጃኬትህን አውልቅና አልብሳት። ብርድ ልብሱንም ተውላት። አሁን የሚበርዳት ለሁለት ነው።"