እህቴ ሁለት ጊዜ «ትቻለሁ» ያለችበት ጉዳይ

«አንተ ግጥምህን ጻፍ። ይሄ የትልልቅ ሰው ነገር ነው» አለኝ አጎቴ ጋሼ መኮንን፣ ዓይኑን ከእህቴ ከአስካለ ላይ ሳያነሳ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። የእህቴን ክስ የያዙት ዳኛ ያሉትን ደግሜ ነገርኩት። ይዟቸው የመጣቸው ሁለት ሽማግሌዎች ከጎኑ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር በነበረችን አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ብዙ አይተናል። ይሄኛው ከልቤ ያልወጣው የጎዳን ጠመንጃ የያዘ ሰው ስላልሆነ ይመስለኛል።

አስካለ የልብስ ንጽሕና መስጫ ነበራት። ሥራው የእሷ፣ ስሙ የሰው። አቶ ደምሴ የሚባሉ በዚሁ ሥራ የታወቁ ነጋዴ ስማቸውን በሯ ላይ እንድትሰቅል ፈቅደው ከገቢዋ ድርሻ ይወስዱ ነበር። ውሉ ውስጥ «ስሙን ቢወስዱብኝ የመክሰስ መብቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» የሚል ቃል ነበረበት። ስታመነታ «ለወግ ያህል ነው፣ ፈርሚ» ያላት ጋሼ መኮንን ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገን እሱ ነውና ፈረመች።

ሱቁ ደንበኛ ሲያፈራ አቶ ደምሴ ስማቸውን ነጥቀው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ለከፈተችው ለሚስታቸው እህት ሰጡ። ደንበኛውም ታፔላውን ተከትሎ ተሻገረ። አስካለ ከሰሰች። እሳቸው ፊርማዋን አወጡ።

ዳኛው አንብበው ሲያበቁ ቀና አሉ። «ሰው ገና ያልደረሰበትን በደል አስቀድሞ ይቅር ሊል አይችልም፤ ይህ ቃል አያስርሽም» አሏት። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዳኛው ሳያውቁት ግጥም የተናገሩ መሰለኝ። ጉዳዩ ለውሳኔ ተቀጠረ።

ከቀጠሮው በፊት ነው ጋሼ መኮንን ሽማግሌ ይዞ የመጣው። በደል ከደረሰ በኋላ ይቅር ማለትን ሕግም አይከለክልም። ይህ ገብቶታል።

ተነሳ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ሊንበረከክ ዝቅ አለ። አስካለ ደንግጣ ክንዱን ያዘችው።

«ስለ ልደታ ብለሽ ተይላቸው» አላት።

ልደታ ተጠርታ እህቴ እምቢ ስትል አይቼ አላውቅም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ትቻለሁ» አለች። ያው የውሉ ቃል ነው። አሁን ግን የሚያፈርሰው ዳኛ የለም። ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ወጡ።

ኮቱን ላቀብለው ሳነሳ ከአንገትጌው ሥር ክር አየሁ። ንጽሕና መስጫዎች ልብስ እንዳይቀየርባቸው ክር ይሰፉበታል። የእኛ ቀይ ነበር፣ የማዶዋ ሰማያዊ። የጋሼ መኮንን ኮት ላይ ያለው ሰማያዊ ነው። ያን ኮት በየበዓሉ ያለ ዋጋ የምታጥብለት አስካለ ነበረች።

ዛሬም ማንም ሰው «ለወግ ያህል ነው» ሲለኝ ዓይኔ አንገትጌው ላይ ያርፋል። ሕጉ እህቴን ከአቶ ደምሴ አድኗት ነበር። ከአጎቷ የሚያድናት ግን አላገኘችም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አስካለም ክሩን አይታዋለች። ኮቱን ከእጄ ተቀብላ አለበሰችው፣ አንገትጌውንም እንደ ልማዷ አስተካከለች።

«ጋሼ፣ በደንብ አልተተኮሰም» አለችው።

ወጣና በሩን ራሱ ዘጋው።