የሑዳዴው ቫይታሚን

ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ እንደ እኔ ሚስቱን የተንከባከበ ወንድ አልተፈጠረም። ባለቤቴ ስታረግዝ አውራ ዶሮው እንኳ ድምፁን ቀንሶ እንዲጮኽ አዝዤው ነበር። ቀልዱ ፍርሃቴን መሸፈኛ ነው፤ የመጀመሪያው ልጃችን በሰባተኛ ወሩ ተወልዶ ሳያድር ሞቶብናል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቫይታሚን ስትሰጣት ከጎኗ ቆሜያለሁ።

“ልጁን እስከ ወሩ ያቆየዋል ብዬ አልምልልሽም” አለቻት። “ግን ሰውነትሽ ተጎድቷል፤ በየቀኑ ከምግብ ጋር ውሰጂ።” ወደ እኔም ዞራ፣ “ጋሼ፣ አደራ!”

“እኔ እያለሁ? አንድ ቀን ብታልፍ ሊማሊሞን በጀርባዬ እየተንከባለልኩ ልውረድ!”

ወቅቱ ሑዳዴ ነበር። ቤት እንደገባን ባለቤቴ ለስላሳውን እንክብል በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

“ሽፋኑ ከከብት ነው የሚሠራው ይላሉ። የንስሐ አባታችንን ሳትጠይቅልኝ አልቀምሰውም።”

“ዛሬውኑ!” አልኩ።

አልሄድኩም። በማግስቱም አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን ስታፋጥጠኝ መዋሸት ግድ ሆነ። ፈቀዱ ብላት ሄዳ ታመሰግናቸውና ውሸቴ ይወጣል፤ ከለከሉ ካልኳት ግን ዝም ትላለች። “ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብለዋል” አልኳት። አማተበችና ብልቃጡን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

ፋሲካ ሳይደርስ ምጥ መጣባት። ሴት ልጃችን ከወሯ ቀድማ ተወለደች። ከአንድ እግር ጫማዬ አትበልጥም ነበር ስል፣ ለአንዴ እንኳ አላጋነንኩም። እናቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ትተነፍሳለች፤ እኛ ትንፋሿን እንጠብቃለን።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ባለቤቴ ከሕፃኗ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣ “አባ፣ ያንን ቫይታሚን ባይከለክሉኝ ኖሮ ምን ነበር?” አለች።

“የምን ቫይታሚን ልጄ?”

ነገረቻቸው።

“ለነፍሰ ጡር መድኃኒት? እኔን ማን ጠየቀኝና! ቢጠይቀኝማ ቁሜ ባስዋጥኩሽ!”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። 

ልጄ ተርፋ ዛሬ ሰፈር ታምሳለች። ባለቤቴ ቫይታሚኑን ብትወስድም ምጡ ያው ሊመጣ ይችል ነበር ብላኛለች ነርሷ። እኔን ግን ያ አያድነኝም። አባ ዘንድ ያልሄድኩት፣ “አንተስ ጾሙን እንዴት ይዘኸዋል?” እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ባለቤቴ እንክብል ያስገድፈኛል ብላ ስትጨነቅ፣ እኔ ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ በምሠራበት የቱሪስት ማረፊያ ሎጅ ጓዳ ቆሜ፣ ከቱሪስት ቁርስ የተረፈ እንቁላል በየጠዋቱ እበላ ነበር።