ኩላሊቴና የወንድሜ ክንድ

ወንድሜን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ጋሼም እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ይበቃዋል።

ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። ሸማ በክንድ ነው የሚለካው፤ የእሱ ክንድ ደግሞ አጭር ነው። ከሸማኔ ሲረከብ ረጅሙን ሠራተኛውን ያስለካል፣ ለደንበኛ ሲሸጥ ግን በራሱ ክንድ ይለካል። ተራው ሁሉ ይህን ያውቃል። እሱ ግን ማንም የነቃበት አይመስለውም።

ኩላሊቶቹ ሲከዱት አንዱን ኩላሊቴን የሰጠሁት እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። አገር ውስጥ ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር። በቀኝ በኩል ከብሽሽቱ ከፍ አድርገው አስቀመጡለት፣ ደህናም ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደረቱን ይወጋው ጀመር። ሐኪሙ የልቡ የደም ሥር ሳይጠብ አልቀረም፣ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ልየው አለ።

«የማስገባው በቀኝ እጅዎ አንጓ ነው» አለው። «በብሽሽት ከሆነ ኩላሊቱ ደም በሚያገኝበት ሥር ነው የማልፈው። እዚያ ጉዳት ቢደርስ ኩላሊቱን ልናጣው እንችላለን። የግራ እግርዎ ሥር ደግሞ ጠቧል።» ግራ እጁ ድሮ ለኩላሊት እጥበት ሥሩ ተቀጥሎ የተበላሸ ስለሆነ አይነካም።

«እጄስ?» አለ ወንድሜ።

«የአንጓው ሥር አንዳንዴ ይዘጋል። እጅ ግን ደም የሚያገኘው በሁለት ሥር ነው።» ሐኪሙ ሁለቱንም በጣቶቹ ሲጫናቸው መዳፉ ነጣ፤ አንዱን ሲለቀው ወዲያው ቀላ። «አዩ? አንዱ ብቻውን ይበቃል።»

«አይሆንም» አለ ወንድሜ። «ይቺ እጅ እንጀራዬ ናት። በብሽሽት ይሁን።»

«ጋሼ፣ እዚያ ያለው እኮ የኔ ኩላሊት ነው» አልኩት።

«ከሰጠሽ በኋላ ምን የአንቺ አለው?» አለኝና ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ደግሞ ኩላሊቱ አንድ ቀን ቢከዳኝ ለእጥበት የምትቀረኝ ይቺው እጅ ናት።»

ኩላሊቴ ሆዱ ውስጥ እየሠራለት፣ ኩላሊቱ ሲሞት ምን እንደሚያደርግ ያሰላል። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተናድጄበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ናቅሁት። ሐኪሙ ውሳኔው የታካሚው ነው ብሎ አስቦበት በማግስቱ እንዲመለስ ነገረው።

ከዚያ ወጥተን ሱቁ ድረስ ተከትዬው ሄጄ ለመንኩት። እሱ ጋቢ ማጣጠፉን ቀጠለ። ይህን ጊዜ ልመናዬን የሰማው ጎረቤቱ ነጋዴ፣ ሐኪም ቤት ረግጦ የማያውቅ ግን ለበሽታ ሁሉ ማብራሪያ የማያጣው ሰውዬ፣ አንገቱን አስግጎ ገባ።

«በብሽሽት ነው ያልከው? እዚያ ከተነካህማ ወንድነትህን እርሳው። ጎጃም በረንዳ ያለው ባለበርበሬ እንዲያ ሆኖ ነው የቀረው።»

ወንድሜ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ከዚያ ወዲህ የሴት ወሬ ሲያነሳ እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ቢሆንም ጋቢውን አስቀመጠና ቀኝ አንጓውን ያሻሽ ጀመር። ሐኪም አስረድቶት፣ እኔ ለምኜው ያልሰማ ሰው የዚህን ሰውዬ ወሬ አመነ።

በማግስቱ ሐኪሙን «በእጅ ይሁን» አለው። በእጅ ተገባ፣ የጠበበው ሥር ተከፈተ፣ ኩላሊቴም ምንም አልሆነ።

ቅዳሜ ጠያቂዎች አብነት ሰፈር ወዳለው ቤቱ መጡ። ወንድሜ አንጓውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ትራስ ላይ አስቀምጦታል፤ ጨርቁን ሐኪሙ አላዘዘውም። «እጄ እንጀራዬ መሆኗን ታውቃላችሁ» አለ። «ግን የእህቴ ስጦታ ከሚጎዳብኝ እጄ ይጎዳ ብዬ ሰጠኋት።»

አሮጊቶቹ እንባቸው መጣ። አንደኛዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺም ለፍቅር ብለሽ ነው አካልሽን የሰጠሽው። እንዲህ ያለ ወንድምና እህት ከየት ይገኛል?» አሉ።

የጎረቤቱን ወሬ ላወጣ አፌን ከፈትኩ። የኔ ነገር ትዝ አለኝ። ኩላሊቴን የጠየቁኝ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዘመድ ሁሉ ሳሎን በተሰበሰበበት፣ ሁሉም አፌን እያየ። እንቢ ልል ነበር የሄድኩት። ነገ ሸማ ተራ ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁና እሺ አልኩ። ስለ ወንድሜ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ተነስተው ሁለታችንን መረቁን። እሱ አሜን አለ፤ እኔም አሜን አልኩ።