የአማቴ አባት ሁለተኛ ዓይን

የአማቴ አባት ወታደር ነበሩ፤ ለጀግንነታቸው ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ሜዳሊያው በሻሽ ተጠቅልሎ እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ። ሲሸለሙ ግን ፎቶ ያነሳቸው የለም። የባሌ ታናሽ እህት ሰርግ ሲቃረብ ታዲያ አማቴ አንድ ነገር ያዙ።

«የኩታበር ዘመድ ሁሉ ኮምቦልቻ ሊመጣ ነው። አባቴ ግድግዳ ላይ ሆኖ ይቀበላቸው!»

ደሴ ፒያሳ አንድ ሠዓሊ አውቅ ነበርና ይዣቸው ሄድኩ። ሰልፉን፣ ባንዲራውን፣ ሜዳሊያውን የሰካላቸውን መኮንን፣ አባታቸው እንዳወሩላቸው አድርገው ነገሩት።

ሥዕሉ ደረሰ ሲባል በሚኒባስ ዳገቱን ወጣን። ሠዓሊው ጨርቁን ሲገልጠው እኔ እልል ልል አፌን ከፍቻለሁ። የአማቴ ፊት ግን ጠቆረ።

«ሌላው ዓይኑስ?»

«የማን ዓይን፣ እማማ?»

«የአባቴ ነዋ!»

«ወደ መኮንኑ ዞረው ስለቆሙ እኮ ነው። ሰው በጎን ሲታይ...»

«ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ሰይጣንና ከሃዲ! ጻድቅ ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ዓይኑን ይዞ። የኩታበር ሰው አይቶ ‹አባቷ ለካ ባንዳ ነበር› ይበለኝ?»

ሠዓሊው ራሱን አከከ። «እሺ፣ እሳቸውን አዞራቸዋለሁ።»

«መኮንኑንም አዙረው። ጀግና የሸለመ ሰው ምን በደለ?»

«ኧረ እማማ! ሁለቱም ወደኛ ካዩ ሜዳሊያውን ማን ሊያየው ነው? መርፌው ደረታቸውን ይወጋቸዋል!»

«ጥይት ያልፈራ ሰው መርፌ ይፈራል? አዙርልኝ ልጄ፣ ተባረክ።»

እኔ በነጠላዬ አፌን ይዤ ወደ ውጭ ሸሸሁ።

ለሰርጉ ሥዕሉ ከሶፋው በላይ ተሰቀለ። ሁለቱም ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው እኛን ያያሉ፤ የመኮንኑ እጅ በዳበሳ ሜዳሊያ ይሰካል። ከኩታበር የመጡት የአማቴ አጎት ልጅ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከፊቱ ቆሙና አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«አንቺ፣ አጎቴ ሽልማቱን ትቶ ምን ያያል?»

ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን።

«መኮንኑንማ ያኔ አይቶታል» አሉ አማቴ። «አሁን የልጅ ልጁን ሰርግ እያየ ነው።»

ሽማግሌው ሶፋው ላይ የተዘጋጀላቸውን የክብር ቦታ ትተው ከማዶ ያለ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያማ ጀርባዬን አልሰጠውም» አሉ። «ምሳውን ወዲህ አምጡልኝ።»