ዩ ዋርሲ ዕዳዋን የከፈለች ለት

በእኛ መንደር ሰው ዕዳ ውስጥ ሲገባ ማንም አይገረምም። ጉድ የሚባለው ሲወጣ ነው። ዋርሲናህ ላይ የመጣው መዓት ሁሉ የመጣው ዕዳዋን በመክፈሏ ነው።

ዩ ዋርሲ እንላት ነበር፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን እህታችን ማለታችን ነው። ከፕሮቦሊንጎ ከተማ በስተምሥራቅ ባለው ባሕር ዳርቻ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዓሣ እየሰነጠቅን፣ ጨው እየነሰነስን፣ ቀርከሃ ላይ እያሰጣን ስንት ዓመት አብረን ኖረናል። አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ስትናገር ፈገግ የማትል፣ እኛን ግን ሆዳችንን ይዘን የምታስቅ ሴት ነበረች። ባሏ ካስቢ በሰው ጀልባ ተቀጥሮ መረብ ይጎትታል። የዋህ ሰው ነው። ሲቆጣ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ገና በእግሯ ስትሮጥ ትኩሳት ያዛትና ከተማ ሐኪም ቤት ወሰዷት። የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የመድኃኒቱን የከፈለላቸው ፓክ ቢስሮ ነው፤ ፓክ ማለት እንደ ጋሼ ነው። ጀልባዎቹ የእሱ፣ የዓሣ መጋዘኑ የእሱ፣ መስጊድ ውስጥ የፊት ሰልፉም የእሱ ነው። ወለድ ሐራም ስለሆነ ወለድ አይልም፤ «የምስጋና» ይለዋል። በየወሩ ምስጋና ትከፍለዋለህ፣ ዋናው ግን ንቅንቅ አይልም። ልጅቱ ሞተች። ለቀብሩ ድግስ እንደገና ተበደሩ፤ ለአርባዋም ተበደሩ። የቤታቸውን ቦታ መያዣ ሰጡ። ልጅ ሲሞት አብሮ የሚሞት ዕዳ አላየሁም።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን ቢስሮ ግንበኛና ገመድ ይዞ መጥቶ ግቢዋን ይለካ ጀመር። እሷ ሽርጥ እያጠበች ነበር።

«ፓክ ቢስሮ፣ ምን እየሆነ ነው?»

«ምንም አይደል እህቴ፣ ሥራሽን ሥሪ። ወሰድኩት አላልኩም እኮ። ስፋቱን ልወቀው ብዬ ነው።»

ግንበኛው የገመዱን ጫፍ እንድትይዝለት ሰጣት። ያዘችለት። ይህን ለእኔ ስትነግረኝ እጇን እያየች ነበር።

የዚያን ቀን ካስቢ ከባሕር ሲመለስ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። ባሏን ካንግ ትለዋለች፣ ወንድምዬ እንደማለት።

«ካንግ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ የለም።»

«ሲጋራ? ኧረ ባክሽ፣ ባሕር ላይ ምን አፌ ውስጥ አድርጌ ልደር?»

«ጥርስህን።»

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደኖሩ እኔ አይቻለሁ። ሩዝ በቀን አንዴ፣ እሱም ከደረቀ ካሳቫ ጋር ተቀላቅሎ። ነጋዴ የጣለውን የዓሣ ጭንቅላት ለቅማ በኮምጣጣ ቅጠል ትቀቅለዋለች። ፋኖሱ ከእራት በኋላ ይጠፋል። ለክት የምትለብሰውን ባለጥልፍ ሸሚዝ ሸጠች። ካስቢ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼ ስስቅበት እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ጉንጩ ሥር የሚታየው አጥንት ግን ደስ አይልም ነበር።

ይህን ሁሉ መንደሩ ይቅር ባላት። ይቅር ያላላት ግን የድግሱን ነው። እኛ ዘንድ ሰርግ ሲጠሩህ ሩዝና ስኳር ይዘህ ትሄዳለህ፤ ያ ሰው በተራው ለአንተ ይመልሳል፤ እንዲያ ነው የምንኖረው። ዩ ዋርሲ መውሰዱን ተወች። ባዶ እጇን ትመጣና ጓዳ ገብታ ከጠዋት እስከ ማታ ሳህን ታጥባለች። የጎረቤታችን የቱክሚ ልጅ ሲዳር ቱክሚ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ዩ ዋርሲ፣ ምነው? ስኳሩ መንገድ ላይ ቀለጠብሽ እንዴ?» አለቻት።

«አልቀለጠም፤ ሸንኮራው ገና አልተቆረጠም» ብላ ሳህኗን ቀጠለች። ሴቶቹ ሳቁ። ቱክሚ አልሳቀችም።

የቆጠበችውን ለቢስሮ አትሰጠውም ነበር። ትንሽ በትንሽ ከዋናው ልቀንስ ብትለው፣ «ይሄ ለምስጋናው ይሁን» ብሎ ኪሱ እንደሚከተው ታውቃለች። ስለዚህ ምስጋናውን በቀኑ ትከፍልና የተረፈውን ይዛ በሚኒባስ ከተማ ትወርዳለች። እዚያ ወርቅ ቤት ገብታ ቀጭን፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀለበት ትገዛለች። አንዴ አብሬያት ሄጄ፣

«አንቺ፣ ይሄ ለሕፃን ጣት እንኳ ይጠባል እኮ!» አልኳት።

«ለጣት አይደለም። የገንዘብ ወረቀት ቤቴ ካደረ ካስቢ ለሰው አዝኖ ይሰጠዋል፣ ቱክሚ ትበደራለች፣ አይጥ ይበላል። ይህን ግን ማን ይበላዋል?»

ቀለበቶቹን በክር ሰክታ ከሽርጧ ሥር ወገቧ ላይ ታስራቸዋለች። ዓመት ዓመትን ተካ፤ ክሩ ቀስ እያለ ከበደ።

ከዚያ ያ የገንዘብ ውድቀት ዓመት መጣ። ሩፒያ በአንድ ክረምት እንደ ጨው ሟሟ። ጠዋት የጠየቅነው የዘይት ዋጋ ማታ ሌላ ነው። ጀልባ ለነዳጅ አጥቶ አሸዋ ላይ ተጋደመ። ሰው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሳለ የሚገዛው ነገር በየሳምንቱ ያንሳል፤ ማን እንደሚበላው ያወቀ የለም። ወርቅ ግን እያደር ወደ ላይ ተተኮሰ። የዩ ዋርሲ ዕዳ የተቆጠረው በሩፒያ ነበር። ከተማ ወርዳ ከክሩ ላይ ጥቂት ቀለበቶች ፈታ ሸጠች፤ ያ ሁሉ ዓመት የተሸከሙት ዕዳ በእነሱ ተዘጋ። የቀሩት ወገቧ ላይ እንዳሉ ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቢስሮ በረንዳ ሄድን፤ እሷ፣ ካስቢና ምስክር እንድሆን የጠራችኝ እኔ። ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቢስሮ አልነካውም። መጀመሪያ ገንዘቡን፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ደግሞ ግቢዋ ያለበትን አቅጣጫ ተመለከተ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከሆዴ።»

የተራብኩበት ነው ማለቷ ነበር። እኔ ገባኝ፤ ካስቢም ገብቶታል። ቢስሮ ግን ቃሉን ቀስ ብሎ ደገመው። «ከሆድሽ... እሺ። ከሆድሽ ነው።» ገንዘቡን ቆጠረ፣ የመያዣውን ወረቀት መለሰ፣ እስከ ደጅ ሸኘን። እንደዚያን ቀን ሲለሰልስ አይቼው አላውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወሬው መንደሩን ሲዞር መጨረሻ የደረሰው እሷ ጋ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰዎች ስለ ዋርሲናህ ሲያነሱ ቢስሮ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ምንም አላልኩም። ከሆዴ አመጣሁት ያለችው ራሷ ናት» ይላል። ይህን ብቻ። ሌላውን መንደሩ ጨረሰው። ከሆዷ የወጣው ማን ነው? ልጇ ናት። ለዚህ ነው ልጅቱ የሞተችው፤ ለጂን ሰጥታት ነው። በምትኩ ቱዩል ተቀብላለች፤ ያ ራሱን የተላጨ፣ የሕፃን ቁመት ያለው መንፈስ፣ ከየቤቱ ገንዘብ እየሰረቀ ለጌታው የሚያመጣው። ገንዘባችን ለምን እንደሚያንስ አሁን ታወቀ! ሰው ደኸየ፣ እሷ ከበረች። በዚያው ሰሞን በቀሩት ቀለበቶች አንድ የዓሣ ኩሬ በርካሽ መግዛቷ ደግሞ እሳቱ ላይ ዘይት ሆነ።

«እኔ እኮ አብሬያት ወርቅ ቤት ሄጃለሁ» አልኳቸው ውኃ ስንቀዳ።

«እንግዲያው አንቺንም አቅምሳሻለች» አለች ቱክሚ። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ስደርስ ወሬ ይቆማል።

ቱዩል ያመጣው ገንዘብ አጠገቡ ያለውን ገንዘብ ይበላል ይባላል። ቱዩል ራሱ ግን ሸርጣን ካየ መጫወት ይወዳል፤ ሥራውን ይረሳል ይባላል። በየቤቱ፣ ገንዘብ ያለበት ሣጥን አጠገብ፣ በሕይወት ያሉ ሸርጣኖች በሳፋ ተቀመጡ። ዩ ዋርሲ ቱክሚ ቤት መጥረቢያ ልትዋስ ገብታ የሳፋውን ኩርሽም ኩርሽም ሰማች።

«ቱክሚ፣ ዛሬ ሸርጣን ነው እንዴ እራቱ?»

ቱክሚ ሳፋውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። «መጥረቢያው ተሰብሯል» አለች። መጥረቢያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዩ ዋርሲ አየችው፤ ሳፋውንም አየች፤ ያኔ ገባት። ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ ሲሰበስቡ ተመለከተች።

ያ ዓመት ክፉ ነበር። ከእኛ ወደ ምሥራቅ ባሉት አገሮች ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ጠንቋይ የተባለን ሁሉ እየገደሉ ነው የሚል ወሬ ነጋዴዎች ይዘው ይመጡ ነበር። ወንዶቻችን ማጭድ ይዘው መንገድ መጠበቅ ጀመሩ፤ ማንን ከማን እንደሚጠብቁ ግን አልታወቀም። አንድ ማለዳ የዩ ዋርሲ ግድግዳ ላይ በከሰል የተሳለ መስቀልኛ ምልክት ተገኘ። ካስቢ አጠበው። በማግስቱ ተመልሶ ነበር፤ አሁን ትልቅ ሆኖ።

«እንሂድ» አላት ካስቢ። «ወንድሜ ማላንግ ከተማ አለ። ዛሬውኑ እንሂድ፣ ዋርሲ።»

«ከሄድን እውነት ነው ይላሉ። ቢስሮም ሳምንት ሳይሞላ ገመዱን ይዞ ይገባል። የተራብነው ለዚህ ነው?»

«ከሞትንስ?»

ሻሿን አጥልቃ የመስጊዱ ሽማግሌ ኪያይ መሱድ ጋ ሄደች።

«ኪያይ፣ ከፍኑኝ» አለችው።

ሽማግሌው ምን እንደምትለው ያውቃል። እኛ ዘንድ ሰው በከባድ ነገር ሲጠረጠርና ሌላ ማስረጃ ሲጠፋ፣ እንደ ሬሳ ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ፣ መስጊድ ውስጥ ተጋድሞ ይምላል። በሐሰት የማለ ከፈኑ አይለቀውም። ኪያይ ብዙ ለመናት፤ እምቢ አለች። የጁምዓ ቀን ተቆረጠ።

ያጠብኳት እኔና የኪያይ ሚስት ነን። ገላዋ ላይ ውኃ ሳፈስ ጎድኖቿ ተቆጠሩልኝ። ጥጡን አፍንጫዋ አጠገብ ስናደርግ ዓይኖቿ ተከፍተው እያዩኝ ነበር። «ቋጠሮውን አታጥብቂው፣ በኋላ እንዳትቸገሪ» አለችኝ። እኔ ከፈኑን እየቋጠርኩ እሷ ትቀልዳለች።

ወንዶች ተሸክመው ፊቷን ወደ ቂብላ አድርገው አስተኟት። መስጊዱ ሞልቶ በመስኮት የተንጠለጠለም ነበር። ከሰላት በኋላ ኪያይ ቁርኣኑን ከራሷ በላይ ይዞ ቃሉን ይነግራታል፣ እሷ ትደግማለች። ድምፅዋ ከነጩ ጨርቅ ውስጥ ሲወጣ እዚያ የነበረ ሁሉ አንገቱን ሰበረ።

«ልጄን ሰጥቼ ከሆነ፣ የማንንም ሰው ገንዘብ በመንፈስ አስወስጄ ከሆነ፣ ይህ ከፈን ከላዬ አይውረድ። ወላሂ።»

ኪያይ ቀና አለ። «ከሳሿም ይማል። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ማን ነው የከሰሳት?»

ሰው ሁሉ ወደ ፊት ሰልፉ ዞረ። ቢስሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔን ለምን ታዩኛላችሁ? ሲባል ሰማሁ እንጂ ምን አገባኝ?»

ያኔ ከከፈኑ ውስጥ ድምፅዋ እንደገና መጣ። «ፓክ ቢስሮ፣ የቀረ ዕዳ አለብኝ?»

ቢስሮ የሞላውን መስጊድ አየ።

«የለብሽም።»

«ሁሉም ሰማ?» አለች። ፈታናት።

የዚያን ቀን ማንም አልነካቸውም፤ ምልክቱም ተመልሶ አልተሳለም። ግን ሰው ያመናት መስሎህ እንዳትሞኝ። መሞቷን ይጠብቁ ጀመር። ዞር ብለው የማያዩዋት ሴቶች ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ እየቆሙ፣ «ዩ ዋርሲ፣ እንዴት አደርሽ? ምንም አላመመሽም?» ይሏታል። ስትስል ገበያው ዝም ይላል። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ካስቢ በብርቱ ትኩሳት ወደቀ። መንደሩ ትንፋሹን ዋጠ። ለቀስተኛ የሚቀመጥበት የቀርከሃ ወንበር ከመስጊዱ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውየው ገና እያቃሰተ ነበር። ዩ ዋርሲ ከጎኑ ሳትነቃነቅ እርጥብ ጨርቅ ትቀያይራለች። «ካንግ፣ አሁን እንዳትሞትብኝ» ትለዋለች፣ «ብትሞት የሚገድሉኝ እኔን ነው።»

ካስቢ ተነሣ። ከስቶ፣ በትር ይዞ፣ ባሕር ዳር ሲወጣ ያየው ሰው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከአንዳንዱ አፍ ቃሉ በግድ እንደወጣ አውቃለሁ።

ዛሬ ኩሬዎቿ ሦስት ሆነዋል፤ ቤቷም ሸክላ ለብሷል። አሁንም የዓሣ ጭንቅላት ትቀቅላለች። ቢስሮ አሁንም የፊት ሰልፍ ላይ ነው፤ በዚያ ክፉ ዓመት ያበደረባቸው ግቢዎች ብዙዎቹ የእሱ ሆነዋል። ባለፈው ገመዱን ይዞ ቱክሚ ግቢ ገባ። ቱክሚ የት ትሂድ? ከብዙ ማቅማማት በኋላ ዩ ዋርሲ ጋ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ።

«አበድሪኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«አላበድርሽም» አለቻት ዩ ዋርሲ። ገብታ የጠየቀቻትን ግማሽ አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። «ይሄ ያንቺ ነው፤ እንዳትመልሺው። ካበደርኩሽ በየምሽቱ ሞቴን ትመኛለሽ። እኔ ቢስሮን ስንት ጊዜ ልቤ ውስጥ እንደቀበርኩት አላህ ያውቃል።»

ቱክሚ ገንዘቡን ከጭኗ ላይ አነሣች። ተነሥታ ወጣች። ገንዘቡን መቀነቷ ውስጥ፣ የራሷ ሳንቲም ካለበት፣ አልቋጠረችውም። ከደጃፉ የሙዝ ቅጠል ቀነጠሰች፣ ለብቻው ጠቀለለችው፣ ከገላዋ አርቃ በሁለት ጣቷ ይዛው ሄደች።